በአጋም በር ማንም አልሰማም

የካሤ በሬ ከበረቱ መጥፋቱን መጀመሪያ ያየችው ሠርካለም ናት። ካሤና ሚስቱ ለእህቱ ልጅ ሠርግ ጽጽቃ ሄደው ስለነበር፣ ለበሬው ጭድ የማቅረቡ ነገር በጉርብትና እሷ ላይ ወድቆ ነበር። ጭዱን ታቅፋ ስትደርስ በረቱ ክፍት፣ ገመዱ በስለት የተቆረጠ፣ በሬው የለም። ጭዱን እዚያው ጣለችና እሪታዋን አቀለጠችው።

ምክትል ኢንስፔክተር ዓለምነህ ከሰቆጣ በእግሩ ተነሥቶ አጋም በር ሲደርስ ረፋድ ሆኗል። ወሩ ጥር፣ ዘመኑ 1995 ነው። አጋም በር ገደል አፋፍ ላይ የተለጠፈች መንደር ናት፤ ቤቶቿ በጣት የሚቆጠሩ፣ አጥር ለአጥር የተደጋገፉ። አንዱ ቢያስነጥስ ጎረቤቱ ከቤቱ ሳይወጣ «ይማርህ» ይለዋል። ዓለምነህ ይህን አየና ደስ አለው። እዚህ የሚሰረቅ በሬ ኮሽታው ሳይሰማ አይወጣም፣ ከምሳ በፊት እጨርሰዋለሁ ብሎ ገመተ። እንዲህ ያለው ግምት ስንት ጊዜ ጉድ እንደሠራው ረስቶታል።

«ማታ ምን ሰማሽ?» አላት ሠርካለምን።

«ምንም።»

«ውሻ አልጮኸም?»

«የማን ውሻ?»

ከካሤ በረት ቀጥሎ ያለው ግቢ የወይዘሮ ባንቺ ነው። የባንቺ ውሻ ነብሮ በዚያች ደቂቃ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ዓለምነህን እያየ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። ሠርካለም ዞር ብላ አየችው፤ ውሻ መኖሩን ገና ዛሬ የሰማች ትመስል ነበር።

«ኧረ እሱ ማታ አይጮኽም» አለች።

ዓለምነህ ወደ አቶ ገብረ ሊባኖስ ተሻገረ። ሽማግሌው ለልጃቸው ጎጆ የሚሆን ግንብ እያስገነቡ ነበር፤ ግቢያቸው በነጭ ድንጋይ ተሞልቷል።

«እኔ ልጄ፣ እንቅልፌ ክፉ ነው። ቤቱ ቢቃጠል ጎትታችሁ ነው የምታወጡኝ» አሉት።

የሻምበል የሚባለው ጎረቤትም እንደዚያው ነው። እሱ ከብት እየገዛ የሚሸጥ፣ የሚናገረውን መጥኖ የሚናገር ጎልማሳ ነው። «ቤቴ ተኝቻለሁ። ኮሽ ያለ ነገር የለም» አለ። ባንቺ ደግሞ በሯ ላይ ቆማ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ከጀርባዋ ውሻው እየጮኸ፣ «የኔ ውሻ ጮኾ አያውቅም» አለችው።

ዓለምነህ አንዴ ውሻውን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ።

«አሁንስ እናቴ?»

«አሁን ቀን ነው።»

ከበስተጀርባዋ የማድቤቱ ክዳን ትኩስ ሣር ነው፤ ገና ቢጫነቱ አልለቀቀም። ላዩ ላይ አንድ ሁለት ድንጋይ ተጭኗል። ለነፋሱ ይሆናል ብሎ አለፈው።

የነገሩን ሥር የነገሩት አቶ ገብረ ሊባኖስ ናቸው። ኅዳር ላይ ካሤ ባንቺን በሽማግሌ ፊት ከስሷት ነበር። ውሻሽ ሌሊቱን ሙሉ እየጮኸ አላስተኛኝም፣ ወይ ግደይው ወይ እሰሪው ነው ነገሩ። ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ጎረቤት ተጠየቀ። አንድም ሰው ሰማሁ አላለም። ባንቺ በመጨረሻ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ፣ «ነብሮ ማታ ጮኾ ከሆነ ደግሰውን ይንሳኝ!» ብላ ማለች። ደግሰው አንድ ልጇ ነው፤ ያን ጊዜ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ላይ ነበር። መሐላው ከወጣ ወዲያ ምን ይባላል? ካሤ ይቅርታ ሊያስጠይቃት መጥቶ እሱ ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ተመለሰ።

«ደግሰው አሁን የት ነው?»

«ከሁመራ መጥቷል። እዚሁ እናቱ ጋር ነው።»

«ማታ እዚህ አደረ?»

ሽማግሌው ወደ ድንጋያቸው ዞሩ። የመለሰለት አጥር ተደግፎ የሚያዳምጠው የሻምበል ነው። «ሲመሻሽ ወደ ከተማው መንገድ ሲወርድ ያየሁት መሰለኝ። መሰለኝ ነው የምለው» አለ።

ዓለምነህ ነገሩን በልቡ ገጣጠመው። ይህ ውሻ ሰው ባየ ቁጥር የሚጮኽ ውሻ ነው፤ እሱ ራሱ ምስክር ነው። በዚያች ሌሊት ብቻ ዝም ካለ፣ በሬውን የፈታው ሰው ባዳ አይደለም፤ በየቀኑ የሚያበላው ነው። ደግሰው ተጠርቶ ሲጠየቅ «እቤቴ ነው የተኛሁት» አለ። እናቱም «እዚሁ ነው ያደረ» አለች፤ ግን ቶሎ አለችው፣ ዓይኗም ወደ ልጇ ሄደ። ዓለምነህ ይህችን ዓይን ብዙ እናቶች ላይ አይቷታል። ከምሳ በፊት ደግሰውን አስሮ ወረደ።

በማግስቱ ካሤ ከሠርጉ ተመልሶ ጣቢያውን በጩኸት ሞላው።

«በሬዬን ነው! አንድ በሬ ነው ያለኝ! ኅዳር ላይ ያዋረደችኝ አልበቃት ብሎ ልጇን ላከችብኝ!»

«ውሻው በእርግጥ ማታ ማታ ይጮኽ ነበር?» አለው ዓለምነህ።

«ያን ጊዜ ምስክር አጥቼ የተዋረድኩበትን አሁን ነው የምትጠይቀኝ? ይጮኻል! በጨረቃ ይጮኻል፣ በነፋስ ይጮኻል። ግን እኔ ብቻዬን ነኝ የምሰማው።»

ዓለምነህ ሲጽፍ ይህ ሰው እያበደ እንዳይሆን ጠርጥሯል። በሬውን ራሱ አስወጥቶ ባንቺን ሊበቀላት ይሆን ብሎም አስቦ ነበር። ጽጽቃ ሰው ልኮ አጣራ። ካሤ ሠርጉ ቤት እስኪነጋ ሲጨፍር ያደረ ሰው ሆኖ ተገኘ፤ ሙሽራው ሳይቀር ምስክር ነው።

ሰኞ ደግሰው ፍርድ ቤት ይቀርባል። በሬ ሌብነት በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ባንቺ በየቀኑ ጠዋት በአገልግል እንጀራ ይዛ ትመጣለች፣ ዘበኛው ይቀበላታል፣ እሷ ደጁ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። አታለቅስም። ዓለምነህ ሲወጣ ሲገባ ብድግ ትልና መልሳ ትቀመጣለች።

ቅዳሜ ጠዋት ዓለምነህ እስረኛውን ለብቻው አስጠራ።

«እቤት አላደርክም» አለው። «ይህን አውቃለሁ። የት ነበርክ?»

ደግሰው በሩ መዘጋቱን አየ። «ለእናቴ አይነግሯትም?»

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ሰቆጣ ደላላ ቤት ነው ያደርኩት። በጅቡቲ አድርጎ፣ ባሕሩን በጀልባ አሻግሮ ሳውዲ የሚያስገባ ደላላ። በሚቀጥለው ሳምንት ሰው ይሄዳል ብሎኝ ነበር።»

«ባሕር ስንቱን እንደበላ አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች። ለዚያ ነው የማልነግራት።»

ዓለምነህ ደላላውን አስፈልጎ ጠየቀው። ደላላው እንደሚጠበቀው ደግሰው የሚባል ሰው በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፤ ሳውዲም የት እንዳለች አያውቅም። ዓለምነህ ተመልሶ ደግሰው ፊት ተቀመጠ። የጠየቀው ለመርማሪነቱ አልነበረም፤ እንዲያው ነገሩ ከንክኖት ነው።

«አንተ ስትሄድ እሷን ማን ይጠብቃታል?»

«ለዚያ ብዬ አይደል ማድቤቱን የከደንኩላት። ክዳኑ አርጅቶ ያፈስባት ነበር። ማክሰኞ ማታ ጨርሼ ነው ወደ ከተማ የወረድኩት። ዙሪያውን በልጥ ጠፍሬ ነው ያሰርኩት፤ ነፋስ አይነካውም።»

«ድንጋይም ጭነህበታል።»

«ድንጋይ?» ወጣቱ ከታሰረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣ። «ምን በወጣኝ! ክዳን በድንጋይ የሚጭን እኮ ማሰር ያቃተው ነው።»

ዓለምነህ ብዕሩን አስቀመጠ። ክዳኑ ማክሰኞ ማታ አለቀ። በሬው ማክሰኞ ሌሊት ተሰረቀ። ድንጋዮቹን እሱ በገዛ ዓይኑ ያየው ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው።

ባንቺ ጣቢያው ደጅ ስለነበረች ቤቷ ባዶ ነው። ነብሮ ብቻውን በጩኸት ተቀበለው። ዓለምነህ አጥሩ ላይ ወጥቶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወረደ። አንዱ ነጭ፣ ገና ከተፈለጠ ያልቆየ ነው። ሌላው ግን ድንጋይ ብቻ አይደለም፤ አንድ ጎኑ ለስልሶ የሚያንጸባርቅ የተሰበረ የወፍጮ መጅ ነው። ወደ ማድቤቱ ገብቶ ደግሞ በሩን አየ። ከውስጥ በኩል እንጨቱ ከላይ እስከ ታች በጥፍር ተቧጭሯል። ባንቺ ከክሱ ወዲህ ውሻዋን ማታ ማታ እዚህ ትዘጋበታለች ማለት ነው።

የማይጮኽ ውሻ ለምን ይዘጋበታል? የማይጮኽ ውሻስ ማን ድንጋይ ይወረውርበታል?

ሠርካለምን ደጇ ላይ ገብስ ስታበጥር አገኛት። በሯ እንዳይዘጋ የተደገፈው በግማሽ መጅ ነው። ዓለምነህ ምንም ሳይናገር ጎንበስ ብሎ ይዞ የመጣውን ስባሪ አጠገቡ አስቀመጠው። ገጠመ።

ሠርካለም ሰፌዱን አስቀመጠች። መጀመሪያ ፊቷ ጠቆረ፣ ኋላ ግን ሳቋ አመለጣት።

«ምን ላድርግ ታዲያ! ሌላ ድንጋይ እጄ ላይ አልገባም።»

«ሰምተሻል።»

«ጆሮዬ እስኪደነቁር! አጋም በር ውስጥ ያልሰማ ማን አለ?»

«ታዲያ ምነው ዋሸሽኝ?»

«ጌታው፣ እርስዎ የደላንታ ሰው ነዎት፣ የኛን ደንብ አያውቁትም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ አውጫጭኝ ይቀመጣል። መንደርተኛው ሁሉ ይሰበሰብና ያየውን የሰማውን እየማለ ይናገራል። ሌባው ካልተገኘ፣ ሌሊት ሰምቶ ያልወጣ ሁሉ የበሬውን ዋጋ ተካፍሎ ይከፍላል። ሰምቼ ነበር፣ ብርድ ነው ብዬ ድንጋይ ወርውሬ ተኛሁ ብዬ ልናገር? እዳዬን በአፌ ልጥራ?»

«ኅዳር ላይስ? ያን ጊዜ የተሰረቀ ነገር የለም።»

«ኅዳር ላይ በየሌሊቱ ሲጮኽ እሰማለሁ ብል፣ አንድ ቀን ሌባ የመጣ ለት በየሌሊቱ የምትሰሚ ዛሬ ምነው ደነቆርሽ አይሉኝም? ካሤ ሞኝ ነው። እኛ ሁላችን የምንሰማውን እሱ ብቻ አፉን ከፍቶ ተናገረ።»

ዓለምነህ አጥሩ ሥር ተቀመጠ። እንዲህ ዓይነት ነገር በትምህርት ቤት አላስተማሩትም፤ ቢያስተምሩትም የሚያምን አልነበረም። የሚዋሸውን አንድ ሰው ሲፈልግ ኖሮ፣ መንደሩ በሙሉ ያለ ምክር አንድ ዓይነት ውሸት እየዋሸው ነበር። በዚያ ውሸት ላይ ደግሞ እሱ አንድ ልጅ አስሮበታል። ይህ አሳፈረው።

«እስቲ ሌሊቱን ንገሪኝ» አላት።

«እኩለ ሌሊት ላይ ጀመረ። ታፍኖ ነው የሚሰማው፣ ማድቤት ውስጥ ስለሆነ። እኔ ወረወርኩ፣ አያ ገብረ ሊባኖስም ወረወሩ፤ እሱ ወይ ፍንክች። እስኪነጋ አላቆመም። ጎሕ ሲቀድ እትዬ ባንቺ ብው ብላ ወጣች። ካሤ እንደሌለ ታውቃለች፤ የልቧን በአገውኛችን፣ በኽምጣንጋ አወጣችው። በሩን በርግዳ ‹ጩህ! ጩህ አንተ! ካሤ ጽጽቃ ድረስ ይስማህ! ሙሽሪትንም ቀስቅሳት!› ስትል እኔና ባሌ ጋቢ ነክሰን ነው የሳቅነው።»

«ይህን ነገ ትናገሪያለሽ?»

ሠርካለም ሰፌዷን መልሳ አነሣች። «ለርስዎ ጆሮ ነው የነገርኩት። በሰው ፊት ከጠየቁኝ እንቅልፌ ከባድ ነው።»

አቶ ገብረ ሊባኖስ ነጩን ድንጋይ ሲያዩ ጢማቸውን ዳበሱ። ኋላ ያንኑ አወሩ፤ የባንቺን ጩኸት ሲያስመስሉ እሳቸውም መሳቃቸው አልቀረም። ነገ ይናገሩ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን እርጅናቸውን አነሡ።

የሻምበል ግቢው ውስጥ ለበቅሎው ኮርቻ እየጠገነ ነበር። ዓለምነህ አጠገቡ ተቀምጦ ሲጋራ ለኮሰ።

«ጎረቤቶችህ ውሻውን ሰምተናል ብለውኛል። ለምን እንደደበቁም ገብቶኛል፤ አልፈርድባቸውም። ያልተናገርክ አንተ ብቻ ቀርተሃል።»

የሻምበል መርፌውን ኮርቻው ላይ ሰክቶ ተነፈሰ። ቀለል ያለው ይመስላል። «እነሱ ካሉማ እኔ ምን ልደብቅ? ሰምቻለሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ትንሽ ጮኸ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዝም አለ። እኔም ተገላብጬ ተኛሁ። እስኪነጋ ጸጥ።»

«ጎሕ ሲቀድ ቤትህ ነበርክ?»

«የት እሄዳለሁ? እንዲያውም ነቅቼ ነበር፤ ጸሎት አደርጋለሁ።»

«የሰማኸው ሌላ ነገር የለም?»

«ዶሮ» አለ የሻምበል።

ዓለምነህ ሲጋራውን ጨርሶ አመሰገነውና ለፊርማ ከሰዓት ጣቢያ እንዲመጣ ነገረው። ወጥቶም ከሰቆጣ አብሮት የመጣው ፖሊስ እዚያው በሩ አካባቢ እንዲቆይ አደረገ።

ከሰዓት ጠባቧ ቢሮ ሞላች። ካሤ በአንድ በኩል፣ የሻምበል በሌላ በኩል፣ ሠርካለምና አቶ ገብረ ሊባኖስ በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ። ደግሰውን ዘበኛው አምጥቶ ጥግ አቆመው። ባንቺ መሀል ላይ ወንበር ተሰጣት፤ አገልግሉን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

«እናቴ፣ አንድ ነገር ነው የምጠይቅዎ» አላት ዓለምነህ። «ማክሰኞ ሌሊት ነብሮ ጮኸ ወይስ አልጮኸም?»

«አልጮኸም።»

«ያሰብኩበትን ልንገርዎ። ውሻው ካልጮኸ ሌባው የሚያውቀው ሰው ነው። የሚያውቀው ደግሞ ልጅዎን ነው። ሰኞ ፍርድ ቤት የምለው ይህንን ነው። ከጮኸ ግን የማስበው ሌላ ነው፤ ስለዚያ ሌሊት የማውቀው ሌላ ነገርም አለ፣ እርስዎ ካልተናገሩት ግን ማንም አይናገረውም።»

ሠርካለም መሬት መሬት አየች። ሽማግሌው ከዘራቸውን አስተካከሉ።

ባንቺ ቀና ብላ ካሤን አየችው። ከዚያ ልጇን አየችው። ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ፣ ከደግሰው በቀር፣ ኅዳር ላይ ምን ብላ እንደማለች ያውቃል። አልጮኸም ብላ ብትጸና ልጇ ወኅኒ ይወርዳል። ጮኸ ብትል በልጇ ራስ የማለችውን በገዛ አፏ ሐሰት ነው ማለቷ ነው፤ በስሙ ለማለችበት አምላክ ልጇን አሳልፋ የሰጠችው ያህል ነው።  ዓለምነህ ሊያግዛት ፈልጎ ነበር። ግን ቃሉ ከእሷ አፍ መውጣት ነበረበት።

«ጮኋል» አለች።



«ማክሰኞም ጮኋል፣ ኅዳርም ጮኋል። በየሌሊቱ ነው የሚጮኸው። ማድቤት የዘጋሁበት ለዚሁ ነው። ጎሕ ሲቀድ ወጥቼ ሰድቤዋለሁ።»

«በምን ቋንቋ? ማንን ጠርተው?» አለ ዓለምነህ፤ ከዚያም እሷ ሳትመልስ እጁን አንሥቶ ወደ የሻምበል ዞረ። «ጎሕ ሲቀድ ቤቴ ነበርኩ፣ ነቅቼ እጸልይ ነበር ብለሃል። ከባንቺ ደጅ እስከ አንተ መኝታ አንድ አጥር ነው። ምን አለች?»

የሻምበል አፉን ከፈተ። ሠርካለምን አየ፣ ሽማግሌውን አየ። ሁለቱም የሚያውቁት እሱ የማያውቀው ነገር እንዳለ ፊታቸው ላይ ተጽፏል።

«ውሻው ዝም ብሏል ያልከኝ በጨለማው በሬውን እየነዳህ ከመንደር ስለራቅህ ነው» አለ ዓለምነህ። «እስከዚያ ድረስ ነው የሰማኸው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አጋም በር ያደረ ሁሉ ሰምቷል። በሬው የት ነው?»

የሻምበል ሳቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። «ዝቋላ» አለ። «የኛው አገር ዝቋላ፣ አማቶቼ ጋ። መንገድ ድረስ መጥተው ተረከቡኝ።»

በሬው ተገኘ ሲባል መጀመሪያ ብድግ ያለው ካሤ ነበር። የጮኸው ግን ስለ በሬው አይደለም። «ጮኋል አለች! ሰምታችኋል? በየሌሊቱ ይጮኻል አለች! ኅዳር ላይ ዕብድ ያላችሁኝ!» ብሎ አግዳሚው ላይ የተቀመጡትን ጎረቤቶቹን በጣቱ አንድ በአንድ ጠቆመ።  ከዚያ ወደ ደግሰው ዞረ። «አንተስ ያን ሌሊት የት ነበርክ? ሰው እቤቱ ቢገኝ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር!»

«ደላላ ቤት ነበርኩ» አለ ደግሰው። ድንገት አመለጠውና እናቱን አየ። «ሳውዲ ልሄድ። በባሕር።»

 ዓለምነህ ወረቀቱን አቅርቦ የመልቀቂያውን ፊርማ እየፈረመ፣ ዘበኛው የሻምበልን ይዞ ሲወጣ፣ ሠርካለም እንደ ማስታረቅ አድርጋ «እንኳን እግዜር ማረሽ እትዬ ባንቺ፣ ለውሻ ብለሽ በልጅሽ ምለሽ እኮ ስንቱን ፈራንልሽ» አለቻት።

ደግሰው ከጥጉ ወደ እናቱ መጣ። «በኔ ነው የማልሽው?»

«አዎ።»

«ለነብሮ? ለውሻ ብለሽ በኔ?»

«በማን ልማል ታዲያ?» አለች ባንቺ። «ሌላ ማን አለኝ?»

 እሷም እሱን ትታ ወደ ዓለምነህ ዞረች። አገልግሉን መሬት አስቀመጠች፤ ከወንበሩ ወርዳ በጉልበቷ ቆመች።

«ጌታው፣ አይፍቱት።»

«ወይዘሮ ባንቺ፣ ይነሡ እንጂ። ልጅዎ ነፃ ነው። ጥፋት የለበትም።»

«ጥፋቱ የኔ ነው። ይንሳኝ ብያለሁ፣ ጮኋል ብያለሁ፤ እግዜር ሁለቱንም ሰምቷል። አሁን ባሕር ሊገባ ነው። እዚሁ ይሁንልኝ፤ በየቀኑ እንጀራ አመጣለታለሁ። እሰሩልኝ።»

ዓለምነህ ጎንበስ ብሎ በክንዷ ሊያነሣት ሞከረ፤ አልተነሣችለትም። ልጇ ወደ ደጃፉ ሄዶ ቆሞ ያያቸዋል። ከውጭ ካሤ ለመንገደኛው ሁሉ ውሻው እንደሚጮኽ ሲናገር ይሰማል።

«የማስርበት ሕግ የለኝም እናቴ» አላት፤ ወረቀቱ ላይም ማኅተሙን መታበት።